ሙቀቱን ለምደነዋል የምንለው ምን ለክተን ነው?

(በአዳማ ከተማ ለአምራች ድርጅቶች ኃላፊዎች፣ ለሠራተኛ ማኅበራት ተወካዮችና ለሥራ ላይ ደኅንነት ባለሙያዎች በተዘጋጀ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ የፋብሪካና የግንባታ ድርጅት ኃላፊዎች፣ የሠራተኛ ማኅበራት ተወካዮች፣ ከየጤና ጣቢያው የመጣችሁ የሙያ አጋሮቼ፣ ክቡራትና ክቡራን፤ እንደምን አረፈዳችሁ።

ዛሬ ሚያዝያ 20 ቀን ነው። ዕለቱ በዓለም ዙሪያ የሥራ ላይ ደኅንነትና ጤንነት ቀን ሆኖ ይታሰባል። በእኛ ከተማ የሚውለው ሐሩሩ በበረታበት፣ ክረምቱም ገና ሩቅ በሆነበት ወቅት ስለሆነ፣ አዘጋጆቹ በምን ርእስ ላይ መናገር እንደምፈልግ ሲጠይቁኝ ለመምረጥ አልተቸገርኩም። የምናገረው ሰው እየሠራ ሳለ ሰውነቱ ላይ ስለሚከማች፣ ሊለካ ስለሚችልና መላ ሊበጅለት ስለሚገባ ሙቀት ነው።

በሥራዬ ምክንያት ከዱቄት ፋብሪካ እስከ ብረታ ብረት፣ ከልብስ ስፌት እስከ ዳቦ ቤት፣ በዚህች ከተማና በዙሪያዋ ብዙ የሥራ ቦታዎችን አይቻለሁ። በደረስኩበት ሁሉ ስለ ሙቀት ስጠይቅ የሚሰጠኝ መልስ አንድ ዓይነት ነው፤ «ለምደነዋል»። ሥራ አስኪያጁ «ለምደውታል» ይላሉ። ካቦው «ለምደውታል» ይላል። ሠራተኛውም ግንባሩን በእጅጌው እየጠረገ «ለምደነዋል» ይለኛል። እኔም መልሼ እጠይቃለሁ፤ ምን ለክታችሁ? የቦይለሩን ግፊት የሚያሳይ ጌጅ አለ። የጭነት መኪናውን ክብደት የሚያሳይ ሚዛን አለ። ከቦይለሩ አጠገብ ስምንት ሰዓት የሚቆመው ሰው ምን ያህል ሙቀት እንደተሸከመ የሚያሳየው መሣሪያስ የት አለ?

ጉዳዩ የእኛ ብቻ አይደለም። የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ሪፖርት፣ ከዓለም ሠራተኞች መካከል ከ70 በመቶ በላይ የሚሆኑት፣ ማለትም 2.41 ቢሊዮን ሰዎች፣ በሥራቸው ላይ ለከፍተኛ ሙቀት እንደሚጋለጡ፣ በየዓመቱም 22.85 ሚሊዮን የሥራ ላይ ጉዳቶችና 18,970 ሞቶች ከዚሁ ጋር እንደሚያያዙ ገምቷል። እነዚህ ቁጥሮች የዓለም ናቸው። የእኛን የምናውቀው በየሥራ ቦታችን ስንለካና ስንመዘግብ ነው።

ንግግሬን በሦስት ነጥቦች ከፍዬዋለሁ። መጀመሪያ ሙቀት ሰውነትን ምን እንደሚያደርገው፣ ቀጥሎ እንዴት እንደሚለካ፣ በመጨረሻም ምን ልናደርግ እንደምንችል እናገራለሁ።

የመጀመሪያው ነጥብ የሰውነት ነገር ነው።

ሰውነታችን ውስጡን በ37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ለማቆየት ሌት ተቀን ይሠራል። ጡንቻ ከሚያቃጥለው ኃይል ውስጥ ወደ ሥራ የሚለወጠው ትንሹ ክፍል ነው፤ ትልቁ ክፍል፣ ከአራት እጅ ሦስቱና ከዚያም በላይ፣ ሙቀት ሆኖ እዚያው ሰውነት ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ ኩንታል ተሸክሞ ደረጃ የሚወጣ ሰው ጥላ ውስጥ ቢሆንም እንኳ ሙቀት ከውስጡ እየመነጨ ነው። ይህን ሙቀት ለማውጣት ልብ ወደ ቆዳ የሚልከውን ደም ይጨምራል፤ የሚሠራው ጡንቻም ያንኑ ደም ይፈልጋልና ልብ ለሁለቱም ለማዳረስ ምቱን ያፈጥናል። ከዚያ ላብ ይመጣል። የላብ አሠራር በሸክላ እንስራ ያለ ውኃ እንደሚቀዘቅዘው ነው፤ በእንስራው ገላ ላይ ሰርጎ የሚወጣው እርጥበት ሲተን ሙቀቱን ይዞት ይሄዳል፤ እንስራውን በላስቲክ ብትጠቀልሉት ግን ውኃው ይሞቃል። አንድ ሊትር ላብ ሙሉ በሙሉ ሲተን 580 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ሙቀት ይዞ ይወጣል። ከግንባር ወደ መሬት የሚንጠባጠበው ላብ ግን ምንም አያቀዘቅዝም፤ ውኃና ጨው አሳጥቶን ብቻ ይሄዳል። ወበቅ ባለበት አዳራሽ ልብሳችን ሙሉ በሙሉ ረጥቦ ግለቱ አልበርድ የሚለን ለዚህ ነው።

ይህ ሥርዓት አቅሙ ሲያልቅ ምልክቶች ይታያሉ። ሽፍታ ይወጣል፣ የእግርና የሆድ ጡንቻ ይኮማተራል፣ ቆሞ የነበረ ሰው ድንገት ዓይኑ ይጨልምበታል፣ ራስ ይከብዳል፣ ማቅለሽለሽና ድካም ይከተላል። ከሁሉ የሚከፋው የሙቀት ምት ነው፤ የውስጥ ሙቀት ከ40 ዲግሪ በላይ ወጥቶ አንጎል መታወክ ሲጀምር ማለት ነው። ሰውየው ይቀባዥራል፣ ይንገዳገዳል፣ ያለ ምክንያት ይቆጣል፣ የሚሉትን አይሰማም፣ ከዚያም ይወድቃል። «አደገኛው ላቡ ሲደርቅ ነው» ሲባል ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። በሥራ ላይ የሚደርሰው የሙቀት ምት ግን ላብ እየወረደም ይደርሳልና፣ እባካችሁ የላቡን መድረቅ አትጠብቁ። የአነጋገሩን መለወጥ ጠብቁ።

በቀስታ የሚመጣም ጉዳት አለ። በኤል ሳልቫዶርና በኒካራጓ ወጣት የሸንኮራ አገዳ ቆራጮች፣ ስኳር በሽታም ሆነ የደም ግፊት ሳይኖርባቸው፣ በኩላሊት ሕመም በብዛት ሲሞቱ ተመራማሪዎች ምክንያቱን ፍለጋ ወደ ማሳው ሄዱ። ዛሬ በብዙዎቹ ዘንድ ዋና ተጠርጣሪ ሆኖ የሚቀርበው በየቀኑ በከፍተኛ ሙቀት ውስጥ፣ ውኃ እየጎደለ የሚሠራ ከባድ ሥራ ነው። በአንዳንድ ማሳዎች ውኃ፣ ጥላና ዕረፍት በሥርዓት ሲሰጥ የኩላሊቱ ጉዳት ሲቀንስ ታይቷል፤ በኤል ሳልቫዶር በተደረገው ሙከራ የሚቆረጠው አገዳ መጠንም ዕረፍት በመሰጠቱ አልቀነሰም። ይህን ለምን እናገራለሁ? ወንጂ ደጃችን ስለሆነች ነው። በአገራችን የመጀመሪያው የስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. እዚያ ማምረት ከጀመረ ወዲህ አገዳ በቆንጨራ፣ ቅጠሉ ከተቃጠለበት ማሳ ላይ፣ በሰው ክንድ ሲቆረጥ ትውልዶች አልፈዋል። በመካከለኛው አሜሪካ የታየው እኛም ጋ ይኑር አይኑር የሚታወቀው የቆራጮቹን ኩላሊት በየወቅቱ በመመርመር ነው፤ እዚህ ያላችሁ የጤና ባለሙያዎች ይህን ጉዳይ እንድትይዙት አደራ እላለሁ።

አሁን አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለሌላ ጉዳይ ወደ አንድ የግንባታ ዕቃ መጋዘን ሄጄ ነበር። ጫኝና አውራጆች ከተሳቢ ላይ ሲሚንቶ ያወርዳሉ፤ መጋዘኑ ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ነው፤ ሰዓቱ ከቀኑ 7 ሰዓት አልፏል። ከመካከላቸው አንድ ወጣት ከበቆጂ በላይ ካለው የአርሲ ደጋ የመጣ ነበር፤ ሥራውን ከጀመረ ሁለተኛ ቀኑ ነው። ከረጢቱን መሬት ላይ ጥሎ ለካቦው የማይገናኝ ነገር ይናገር ጀመር፤ ጓደኞቹ ሳቁ፤ ከዚያ ወደቀ። ወዲያው ተከበበ። አንዱ የሚጥል በሽታ ነው ብሎ ክብሪት ጭሮ አሸተተው። ሌላው ምች ነው፣ ዳማከሴ አምጡ አለ። ገላው ሲነካ ያቃጥላል። ወደ መኪናው ጥላ ጎትተን ልብሱን አወለቅንለት፤ ለሲሚንቶ ማቡኪያ የተቀመጠውን በርሜል ውኃ በጆግ እየቀዳን አፈሰስንበት፤ በካርቶን አራገብንለት። ስሙን መናገር ሲችል ወደ ሆስፒታል ወሰድነው። ተረፈ።

ከዚያ በኋላ ካቦው አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ፤ ጥያቄው ትክክለኛ ነበር። «እነዚህ ሁሉ አንድ ሥራ እየሠሩ እሱ ብቻ ለምን ወደቀ?» አለኝ። ሌሎቹ በእርግጥም ለምደውት ነበር። መልመድ ከወኔ ጋር አይገናኝም፤ የሰውነት ለውጥ ነው። ሰው በሙቀት ውስጥ በየቀኑ ሲሠራ ከ7 እስከ 14 ቀናት ባለው ጊዜ ላቡ ቀድሞ መውረድ ይጀምራል፣ መጠኑ ይጨምራል፣ ከላቡ ጋር የሚወጣው ጨው ይቀንሳል፣ የልብ ምቱም ይረጋጋል። ከደጋ ትናንት የወረደ ልጅ ይህ ሁሉ የለውም። ለምዶ የነበረውም ሰው ከሥራው አንድ ሳምንት ከራቀ መላመዱ መቀነስ ይጀምራል፤ ወር ከቆየ ከሞላ ጎደል እንደ አዲስ ነው። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤት እንደሚለው፣ በሥራ ላይ በሙቀት ከሚሞቱት መካከል ግማሽ ያህሉ የሚሞቱት በመጀመሪያው የሥራ ቀናቸው ሲሆን፣ ከ70 በመቶ በላይ የሚሆኑት በመጀመሪያው ሳምንት ውስጥ ነው። እንግዲህ «ለምደነዋል» የሚለው ቃል የሚሸፍነው ማንን ነው? የለመደውን ብቻ ነው። ዛሬ ጠዋት በር ላይ ተሰልፎ የተቀጠረውን አይሸፍነውም።

ሁለተኛው ነጥብ መለካት ነው።

የከተማችን አየር በጥላ ሲለካ ከ35 ዲግሪ የሚያልፈው ከስንት አንዴ ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ1,600 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ነንና እንደ አፋር ወይም እንደ ጋምቤላ አይደለንም። ይህ ያዘናጋናል። ኃላፊው ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ቴርሞሜትር አይተው «31 ነው፤ ምን ይሆናል?» ይላሉ። የሰውን የሙቀት ጫና የሚወስኑት ግን ስድስት ነገሮች ናቸው፤ የአየሩ ሙቀት፣ ከእሳት፣ ከጋለ ብረትና ከቆርቆሮ የሚመጣው ወላፈን፣ የአየሩ እርጥበት፣ የነፋሱ ፍጥነት፣ የሥራው ክብደትና የሚለበሰው ልብስ። የግድግዳው ቴርሞሜትር ከስድስቱ የሚነግረን አንዱን ብቻ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የአሜሪካ የማሪን ጦር ምልምሎች በፓሪስ አይላንድ ማሠልጠኛ በሙቀት በብዛት ሲወድቁ አንድ መለኪያ ተዘጋጀ፤ እስከ ዛሬም በእንግሊዝኛ ምሕጻሩ ደብሊው ቢ ጂ ቲ (የእርጥብና የጥቁር ኳስ ቴርሞሜትር ሙቀት) እየተባለ ይሠራበታል። አይኤስኦ 7243 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃም የቆመው በእሱ ላይ ነው። መሣሪያው ሦስት ንባቦችን ያጣምራል። አንደኛው ጫፉ በረጠበ ጨርቅ የተሸፈነ ቴርሞሜትር ነው፤ ላብ በዚያ ቦታ ምን ያህል መትነን እንደሚችል ያሳያል። ሁለተኛው በጥቁር ክብ ኳስ ውስጥ የተሰካ ነው፤ ወላፈኑን ይይዛል። ሦስተኛው የተለመደው የአየር ቴርሞሜትር ነው። ከፀሐይ በታች ሲለካ የእርጥቡ ንባብ በ0.7፣ የጥቁሩ ኳስ በ0.2፣ የአየሩ በ0.1 ተባዝተው ይደመራሉ። ፀሐይ በማይገባበት ቤት ውስጥ ደግሞ የእርጥቡ በ0.7፣ የኳሱ በ0.3 ተባዝተው ይደመራሉ።

በምሳሌ እንየው። በአንድ የአገዳ ማሳ ላይ አየሩ 32፣ እርጥቡ 22፣ ጥቁሩ ኳስ 44 ዲግሪ አነበበ እንበል። ሲሰላ 27.4 ይመጣል። አይኤስኦ 7243 ሙቀቱን ለለመደ ሰው የሚያስቀምጠው ገደብ ለቀላል ሥራ 30፣ ለመካከለኛ 28፣ ለከባድ 26፣ በጣም ለከባድ ሥራ 25 ነው። ላልለመደ ሰው ደግሞ በዚያው ቅደም ተከተል 29፣ 26፣ 23 እና 20 ነው። እስቲ አስቡት፤ በዚያች ሰዓት ማሳው ዳር ተቀምጦ የሚመዘግበው ሰው ለምዶም ሳይለምድም ከገደቡ በታች ነው። ለምዶ አገዳ የሚቆርጠው ከገደቡ አልፏል። ትናንት የተቀጠረው ቆራጭ ከገደቡ ከአራት ዲግሪ በላይ አልፏል። አየሩ አንድ ነው፤ ፀሐዩ አንድ ነው፤ አደጋው ግን አንድ አይደለም። ሥራውንና ሠራተኛውን ሳንመዝን «ሙቀቱ ስንት ነው?» ማለት ግማሽ ጥያቄ ነው።

የወላፈንን ነገር በደንብ ያየሁት በአንድ ዳቦ ቤት ውስጥ ነው። ባለቤቷ ለሠራተኞቻቸው የሚያስቡ ሴት ናቸው፤ ቴርሞሜትር ገዝተው ዳቦ መሸጫው ግድግዳ ላይ ሰቅለዋል። «ይኸው፣ 27 ነው» አሉኝ። እኔም አብረን ወደ ውስጥ እንግባ ብዬ ጥቁሩን ኳስ ጋጋሪው በሚቆምበት ቦታ፣ በሆዱ ትይዩ አቆምኩት። የምድጃው በር በተከፈተ ቁጥር ንባቡ ሲወጣ አዩ። የምድጃው ጎን ራሱ የሚተፋው ሙቀት ነበር፤ ሊጥ የሚዳመጥበት ጠረጴዛ ደግሞ የተቀመጠው ከዚያ ጎን አጠገብ ነው። ያደረጉት ነገር ብዙ ወጪ አልጠየቀም። ከምድጃው ጎን አየር ማለፊያ ክፍተት ትተው የሚያብረቀርቅ አሉሚኒየም አቆሙ፤ ጠረጴዛውን ወደ መስኮቱ አዛወሩት፤ ከምድጃው በር በላይ እንፋሎቱን የሚስብ ጭስ ማውጫ አሠሩ። ከሁሉ በላይ ያስደሰተኝ ግን ቴርሞሜትሩን ከመሸጫው አንሥተው ወደ ውስጥ ማስገባታቸው ነው።

እርጥበትም እንዲሁ ነው። በፈትልና በሽመና ክፍሎች ክር እንዳይበጠስ አየሩ ሆን ተብሎ እርጥበት ይሰጠዋል፤ በልብስ ስፌት ፋብሪካ የካውያ ክፍሉ እንፋሎት አለ። እዚያ ላብ አይተንም። ልብስም ይቆጠራል፤ ከኬሚካል የሚከላከለው አየር የማያስገባ ሙሉ ልብስ ብቻውን በንባቡ ላይ ወደ 10 ዲግሪ ገደማ ያስጨምራል። ለደኅንነት ብለን ያለበስነው ልብስ ራሱ አደጋ እንዳይሆን አብሮ መታሰብ አለበት።

መሣሪያው ውድ ነው የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ አውቃለሁ። በጋራ ገዝቶ መዋዋስ ይቻላል፤ የከተማችን ድርጅቶች እንዲህ እንዲያደርጉ አጥብቄ እጠይቃለሁ። እስከዚያው ሁለት ርካሽ መንገዶች አሉ። አንደኛው የልብ ምት ነው። ሠራተኛው ለዕረፍት እንደተቀመጠ ወዲያው ምቱ ይቆጠር፤ በደቂቃ ከ110 ከበለጠ የሚቀጥለው የሥራ ጊዜ በሲሶ ይጠር፣ ዕረፍቱ ግን እንዳለ ይቆይ። ሁለተኛው ሚዛን ነው። ሠራተኛው ሲገባና ሲወጣ ይመዘን፤ ከክብደቱ ከ1.5 በመቶ በላይ ከጎደለ የሚጠጣው ውኃ አልበቃውም ማለት ነው። ለ60 ኪሎ ሰው ይህ ከአንድ ኪሎ ትንሽ ያነሰ ነው። በዱቄት ፋብሪካ ሚዛን ጠፍቶ አያውቅም።

ወደ ሦስተኛው ነጥብ ልለፍ፤ ምን እናድርግ?

ቅደም ተከተሉን አናዛባው። መጀመሪያ ሙቀቱን ከምንጩ እንቀንስ፤ ቀጥሎ የሥራውን ሰዓትና ጫና እናስተካክል፤ ለሠራተኛው «ተጠንቀቅ» ማለት የሚመጣው ከእነዚህ በኋላ ነው። ብዙ ቦታ የማየው ግን የተገለበጠውን ነው፤ ማስጠንቀቂያው በር ላይ ተለጥፏል፣ የእንፋሎት ቧንቧው ግን ሽፋኑ ተቀድዶ እርቃኑን ቀርቷል። ቧንቧው ይሸፈን። ቆርቆሮው ነጭ ይቀባ፣ ከሥሩ ኮርኒስ ይግባ፣ ከጣሪያው ጫፍ ላይ የሞቀው አየር የሚወጣበት ክፍተት ይተው። ከተማችን ነፋስ አታጣም፤ በኮረብቶቻችን ላይ የተተከሉት የአዳማ 1 እና የአዳማ 2 የነፋስ ማመንጫዎች አንዱ 51፣ ሌላው 153 ሜጋ ዋት የሚያመነጩት በዚሁ ነፋስ ነው። እኛ ግን በአቧራውና በሌባው ምክንያት መስኮቱን ደፍነን ሠራተኛውን በነፋስ ከተማ ነፋስ እናሳጣዋለን። ወንፊት ያለው መስኮት ሁለቱንም ችግር ይፈታል። ቬንትሌተርም በእኛ አየር ይጠቅማል፤ ልብ መባል ያለበት አየሩ ራሱ ከ35 ዲግሪ በላይ በሆነበት ቦታ፣ ለምሳሌ በቦይለር ክፍል፣ የጋለውን አየር በሰው ላይ መንፋት ሙቀት ሊጨምርበት እንደሚችል ነው።

ስለ ሰዓት ስናገር የቀን ሠራተኛውን አስባለሁ። ከባዱ ሥራ፣ ኮንክሪት ሙሌቱም ሆነ ማውረዱ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተጀምሮ ከቀኑ 5 ሰዓት በፊት ሊያልቅ ይችላል። ኳታር እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣችው ደንብ በበጋዋ ወራት ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ድረስ ደጅ መሥራትን ከልክላለች፤ ደብሊው ቢ ጂ ቲው ከ32.1 ካለፈ ደግሞ በየትኛውም ሰዓት ሥራው ይቆማል። ብዙ ልጆቻችን ለሥራ በሚሄዱበት በዚያ አገር ቁጥር ተቀምጦ ሥራ ከቆመ፣ እኛስ በራሳችን ግቢ ውስጥ ለራሳችን ሠራተኛ ቁጥር ማስቀመጥ ምን ያግደናል? የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 የሠራተኛውን ጤንነትና ደኅንነት ለመጠበቅ አስፈላጊውን እርምጃ የመውሰድ ግዴታ በአሠሪው ላይ ጥሏል። ግዴታውን ለመወጣት መለካት ያስፈልጋል።

አዲስ ሠራተኛ ሲቀጠር ደግሞ ይህን እናድርግ፤ በመጀመሪያው ቀን ከሙሉ ሥራው 20 በመቶውን ብቻ በሙቀቱ ውስጥ ይሥራ፣ በየቀኑም 20 በመቶ ይጨመርለት። ከዕረፍት ወይም ከሕመም የተመለሰ ነባር ሠራተኛ በ50 በመቶ ጀምሮ በአራተኛው ቀን ወደ ሙሉው ይድረስ። ይህ በወረቀት ላይ ቀላል ነው። የሚከብደው ክፍያው በቁጥር ሲሆን ነው። በኩንታል የሚከፈለው አውራጅ፣ በቶን የሚከፈለው ቆራጭ፣ በልብስ ብዛት ማበረታቻ የምታገኝ ሰፊ፣ ዕረፍት ብንፈቅድላቸውም ዕረፍቱ ከእንጀራቸው ላይ የሚቀነስ ስለሆነ አይወስዱትም። ስለዚህ የሙቀት ዕረፍት የተከፈለበት መሆን አለበት። እዚህ ያላችሁ የማኅበራት ተወካዮች በኅብረት ስምምነታችሁ ውስጥ እንድታስገቡት የምማጸናችሁ አንድ ነገር ቢኖር ይህ ነው። ለአሠሪዎችም ልናገር፤ የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ሜትሮሎጂ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2025 በጋራ ባወጡት ሪፖርት ደብሊው ቢ ጂ ቲው ከ20 ዲግሪ በላይ በጨመረ ቁጥር፣ በእያንዳንዱ ዲግሪ የሠራተኛው ምርታማነት ከ2 እስከ 3 በመቶ እንደሚቀንስ ገልጸዋል። ያልሰጣችሁት ዕረፍት ከምርቱ ላይ ተቆርጦ እየተወሰደ ነው።

ውኃ። በየ15 እና 20 ደቂቃው አንድ ብርጭቆ፣ ጥም ሳይጠበቅ፤ በሰዓት ግን ከአንድ ሊትር ተኩል እንዳይበልጥ። የምንመገበው ወጥ ጨው ስላለው ምግቡን በሰዓቱ የበላ ሰው ተጨማሪ ጨው አያስፈልገውም፤ ለሰዓታት ሲያልበው የዋለ ሰው ከጤና ጣቢያ የሚሰጠው የሕይወት አድን ንጥረ ነገር ይጠቅመዋል። ጫት ድካምን ይሸፍናል፣ የሰውነትንም ሙቀት ይጨምራል፤ ማታ የተጠጣ አረቄም ሰውነትን ውኃ ያሳጣዋል። ይህን ሁሉ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። የማይነገረውን ግን ልናገር። በአንድ የልብስ ስፌት ድርጅት ውስጥ ውኃው በየመስመሩ ተቀምጦ ሳለ ሴቶቹ አይጠጡም ነበር። ለምን? ወደ መጸዳጃ ቤት ለመሄድ ፈቃድ መጠየቅ አለባቸው፤ ፈቃዱ ይቆጠራል፤ መጸዳጃ ቤቱ ደግሞ ከግቢው ጥግ ነው። አንዲት እኅት «ጠዋት ቤቴ ጠጥቼ አልወጣም፤ እዚህም አልጠጣም» አለችኝ። ስምንት ሰዓት ሙሉ በእንፋሎት ክፍል ውስጥ። ንጹሕና ቅርብ መጸዳጃ ቤት የሌለው ድርጅት ውኃ አቀረብኩ ሊል አይችልም። ነፍሰ ጡር ሠራተኞችም እንዳሉ አንርሳ፤ ለእነሱ የሙቀቱ አደጋ የባሰ ነው፤ ቀዝቀዝ ወዳለ ክፍል ይዛወሩ።

ስለ ጾምም በአክብሮት መናገር እፈልጋለሁ። ዐቢይ ጾም ሁልጊዜ የሚውለው በበጋችን ማብቂያ፣ ሙቀቱ በሚያይልበት ወቅት ነው፤ ረመዳንም ባለፉት ዓመታት በዚሁ ወቅት ውሏል። እስከ 9 ሰዓት እህል ውኃ የማይቀምስ ሠራተኛ አለን፤ እስከ መግሪብ የማይጠጣ ሠራተኛ አለን። ሰውን ስለ እምነቱ ማስጨነቅ የእኛ ድርሻ አይደለም፤ የሥራውን ሰዓት ማስተካከል ግን ድርሻችን ነው። ከባዱን ሥራ ወደ ማለዳ ወይም ወደ ማታ ፈረቃ ማዛወር፣ ጾመኛውን ከምድጃና ከቦይለር አካባቢ ማራቅ፣ ለብቻው እንዳይሠራ ማድረግ ይቻላል። የሃይማኖት አባቶችም ለታመመና ለደከመ ሰው የሚሰጡትን ምክር በሥራ ቦታ ተገኝተው እንዲናገሩ ብንጋብዛቸው በደስታ ይመጣሉ ብዬ አምናለሁ።

በመጨረሻ የአደጋ ጊዜ እርዳታን ላስረዳ፤ እባካችሁ ይህን ጻፉት። ሰው በሙቀት ውስጥ ሲሠራ ከተቀባዠረ ወይም ከወደቀ፣ ሌላ ነገር እስኪረጋገጥ ድረስ የሙቀት ምት ነው ብላችሁ ያዙት። ክብሪት አታሽቱት። አትክበቡት። አንድ ሰው አምቡላንስ ይጥራ፤ ሌሎቻችሁ ወደ ጥላ አውጡትና የላይ ልብሱንና ጫማውን አውልቁለት። ከዚያ ወዲያው ማቀዝቀዝ ጀምሩ። የውኃ ጋን ወይም ትልቅ ገንዳ ካለ ራሱን ደግፋችሁ እስከ አንገቱ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ አስገቡት፤ ከሌለ ሳታቋርጡ ውኃ እያፈሰሳችሁ አራግቡት፤ በረዶ ከተገኘ በጨርቅ ጠቅልላችሁ አንገቱ፣ ብብቱና ብሽሽቱ ላይ አድርጉ። ራሱን ለሳተ ሰው በአፉ ምንም አትስጡ። ፓራሲታሞል አይጠቅመውም፤ ይህ የኢንፌክሽን ትኩሳት አይደለምና። ቅደም ተከተሉ ማቀዝቀዝ፣ ከዚያ ማጓጓዝ ነው፤ ባጃጅ ስንፈልግ የምናጠፋው ሃያ ደቂቃ አንጎሉ የሚጎዳበት ጊዜ ነው። መኪና ሲመጣም ማቀዝቀዙ መኪናው ውስጥ ይቀጥል።

ይህን የሚያደርግ ሰው በእያንዳንዱ ፈረቃ ስሙ ተጽፎ ይታወቅ፤ በርሜሉም የት እንደሚቀመጥ ከዛሬ ጀምሮ ይወሰን። አሁን የሻይ ሰዓት ነው። መሣሪያውን በረንዳው ላይ ፀሐይ ውስጥ፣ ሁለተኛውን ደግሞ እዚህ አዳራሽ ውስጥ አቁመናቸዋል፤ ንባቡ እስኪረጋጋ ጥቂት ጊዜ ይፈልጋል። ከሻይ ስትመለሱ የሁለቱን ንባብ አብረን እንሠራለን፤ ከየድርጅታችሁ አንድ የሥራ ዓይነት መርጣችሁ ከገደቡ ጋር ታነጻጽራላችሁ፤ ጥያቄዎቻችሁንም ያኔ እቀበላለሁ። ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ።